በሁዳዴ የተቀዳ የሰርግ ዜማ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁን ምን ትሠራለህ?» ይለኝ ነበር። «እተኛለሁ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ድምፅ ስቀዳ ኖሬ እኔ ጡረታ ስወጣ ጆሮዬ አብሮኝ አልወጣም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲጣራ «ይሄ ልጅ ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው፣ ሁለት ዓመት አይቆይም» እላለሁ በሆዴ። ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳ ሴቲቱ የት ጋ ትንፋሿን እንደምትስብ አዳምጣለሁ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰም ታደርገኝና «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ እንደ ሰው አልቅስ» ትለኛለች።

ሲግናል ሰፈር የነበረው ስቱዲዮአችን ዛሬ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ገብቼ አይቼዋለሁ። ብርድ ልብስ የቸነከርንበት ግድግዳ ላይ የምስማሩ ቀዳዳ አሁንም አለ፣ ቀለም ደጋግመው ቢቀቡትም አልተደፈነም። ሻጯ ልጅ «ምን ልታዘዝ አባቴ?» ስትለኝ አንድ ሽፋን ገዝቼ ወጣሁ። ለስልኬም አልሆነ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ቴአትር ቤት ገመድ በመጠቅለል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ገመድ ጠቀለልኩ። አለቃችን ገመድ አጠቃለሌን አይቶ «አንተ ልጅ ሹራብ ሥራ» ብሎ ሲያሾፍብኝ ይውል ነበር። ከዚያ ወደ አንድ የመንግሥት የቀረጻ ክፍል ተዛወርኩ፤ እዚያ ደግሞ አንድ አዲስ ቴፕ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ፈራሚዎች ደግሞ አንድ ቀን ቢሮ ተገኝተው አያውቁም። ደመወዙን ተዉት። እዚያ ያተረፍኩት ጋሽ ንጉሤን ማወቄን ነው። እሳቸው ሥራቸውን ለቅቀው ሲግናል የራሳቸውን ስቱዲዮ ሲከፍቱ «ትመጣለህ?» አሉኝ። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር «እመጣለሁ» አልኩ።

ጋሽ ንጉሤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ቀረጻ ሊጀምሩ ሲሉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ሊሰግዱ መስሎኝ እኔም ለማውለቅ ጎንበስ ስል «አንተ አድርገህ ቁም፣ ካልሲህን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ወለሉን በእግራቸው ለመስማት ነበር። አንድ ቀን ዘፋኙ ተዘጋጅቶ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ እጃቸውን አነሡና «ከግድግዳው ጀርባ ማቀዝቀዣ ይሠራል» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ወጥቼ ባይ ጎረቤታችን ሥጋ ቤቱ አዲስ ፍሪጅ አስገብቷል! ለምነን አስጠፋነውና ቀዳን።

የቴፑ ካርቶን ላይ የሚጽፉት የተበላሸውን ብቻ ነው። «ያማረውን ማን ይጽፈዋል፣ ሲከፈት ይሰማ የለ» ይላሉ። «ሁለተኛው ላይ አስሏል»፣ «ክራሩ አራተኛ ክር ወርዷል»፣ በቃ። እኔ «ግሩም ቀረጻ» ብዬ የጻፍኩበትን ካርቶን አንድ ጊዜ አይተው በላጲስ አጠፉብኝ።

ግን ከሁሉም በላይ ሊታወቁ የሚገባቸው በአንድ ልማዳቸው ነው። ሰው ድምፁን ሰጥቶን ሲያበቃ ሐሳቡን ቀይሮ «አጥፉልኝ» ካለ አይከራከሩም፣ «ለምን?» ብለው አይጠይቁም። ባለቤቱን አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ቴፑን ከመጀመሪያው አስነሥተው፣ መቅጃውን ከፍተው፣ ምንም ድምፅ ሳያስገቡ እስከ መጨረሻው ያስኬዱታል። ከዚያ መልሰው ባዶውን ያሰሙታል። «ሰማህ?» ይሉታል። «ምንም የለም» ይላል። «እንግዲህ ሂድ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ለፍቅረኛው የዘፈነ ልጅ ተጣልቷት መጣና ባዶውን ቁጭ ብሎ ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ። የከተማው ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን ልማድ ያውቃል፤ ሌላ ቦታ እሺ ያላለ ሰው እኛ ጋ አፉን የሚከፍተው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ደርቤ ልምጣ። ደርቤ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ አኮርዲዮኑን ሲያነግት ከፊት ሲያዩት እግሩና ጭንቅላቱ ብቻ የሚታይ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሰርግ ሲያጅብ ኖሮ አንድ ቀን ተነሥቶ «ፊልም እሠራለሁ» አለ። ሳቅንበት። እሱ ግን ሠራው! «ዳገት ወጪዋ» ይባላል። ታሪኩ ይህን ያህል ነው፦ አንዲት ሙሽራ ከነአጃቢዎቿ በእግር ወደ እንጦጦ ማርያም ስትወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና «አልሄድም» ትላለች። ሰርገኛው ቀኑን ሙሉ ዳገቱ ላይ ሲጠብቃት፣ ሲለምናት፣ ሲጣላ፣ ሲዘፍን ይውላል። አለቀ።

ጥር ላይ ነው የቀረጸው። ሥዕሉ ደህና ነው። ድምፁን ግን በካሜራው ማይክራፎን ብቻ ቀድተውት፣ የእንጦጦን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከባሕር ዛፉ ሹክሹክታ በቀር አንድ ቃል አይሰማም። ያ ሁሉ ከበሮና እልልታ ድራሹ የለም። ደርቤ ካሴቱን ታቅፎ እኛ ጋ መጣ።

«ችግር የለም» አለ። «ከበሮዎቹን አመጣለሁ፣ ሴቶቹን አመጣለሁ፣ እዚህ እንደገና እንቀዳዋለን። ሁለት ቀን ቢበዛ ነው።»

ጋሽ ንጉሤ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ደርቤ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ብቻ?»

ደርቤ ግንባሩን መታ። ለካ በፊልሙ ሥራ ተጠምዶ ሁዳዴ መግባቱን ረስቶታል! በጾም ሥራ ፈትቶ መተኛት የለመደ የሰርግ ሙዚቀኛ ሁዳዴን ሲረሳ አስቡት። ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ የተያዘው ለዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ነው፤ ያ ካለፈ ሌላ ቀን አይሰጡትም። በሁዳዴ ደግሞ ማን ከበሮ ይመታል? ማን የሰርግ ዘፈን ይዘፍናል? ከበሮ መቺዎቹ ጋ ሄዶ አንዱ በሩን እንኳ አልከፈተለትም፣ ከውስጥ «ከፋሲካ በኋላ!» ብሎ ጮኸበት።

ሴቶቹ ግን ጨዋ ናቸው። «አይሆንም» ለማለትም ቢሆን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር ድረስ በእግራቸው ወርደው መጡ፣ ስድስት ሆነው። ፊልሙ ላይ የሚዘፍኑት እነሱው ናቸው። አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። የዘፈኑ አውራጅ እትዬ ጫልቱ ናቸው፤ ያኔ ዐርባ አምስት ቢሆናቸው ነው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የሚናገሩ፣ ሲደነግጡ ግን ኦሮምኛው የሚቀድማቸው ሴት።

«አይ ደርቤ» አሉ፣ «ከፋሲካ በኋላ ና እንጂ እናስቀዳልሃለን። ዜማው እኮ የትም አይሄድም፣ ይኸው፣» ብለው አፋቸውን ገጥመው አንጎራጎሩለት። ለማሳየት ያህል ነው። ሌሎቹ አምስቱም ሳያስቡት ተቀበሏቸው።

እኔ ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ቆመ። ጋሽ ንጉሤ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ያ የሰርግ ዜማ ነው፤ ስንት ሰርግ ላይ የሰማሁት ነው፤ ግን አፍ ሲዘጋበት ሌላ ነገር ሆነ። ደስታ ነው እንዳትሉ ለቅሶ ለቅሶ ይላል፤ ለቅሶ ነው እንዳትሉ ትከሻ ያስነቀንቃል። እና ያቺን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም።

«እትዬ፣ አፍ ካልተከፈተ እኮ ዘፈን አይባልም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ ሳቀች። እትዬ ጫልቱ ትንሽ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና «እንጉርጉሮ ነው ለማለት ነው?» አሉ።

«እንጉርጉሮ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዳን። ማይክራፎኑን እንደ ልማዴ አፋቸው ፊት ስተክል ጋሽ ንጉሤ ጣልቃ ገቡ። «አፉ ተዘግቷል፣ ምን ትጠብቃለህ እዚያ?» አሉኝ። መዳፋቸውን በራሳቸው ደረት ላይ አድርገው ትንሽ አንጎራጎሩ፣ ቀጥሎ ጣታቸውን አፍንጫቸው ሥር አስጠጉ። ከዚያ ማይክራፎኑን ከአፍንጫ ዝቅ፣ ከደረት ከፍ አድርገው ወደ ላይ ቀና አደረጉት። መሣሪያችን ስምንት መስመር ይቀዳል፤ እትዬ ጫልቱን ለብቻቸው መስመር ሦስት ላይ አደረግናቸው። ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ ከበሮ የለም። ስድስት ሴቶችና አንድ አሮጌ አግዳሚ። አግዳሚው ሲነቀነቁ ይጮኻል። ጋሽ ንጉሤ ካርቶኑ ላይ «አግዳሚው ይጮኻል» ብለው ጻፉ፣ ሌላ ምንም አልጻፉም። ሥዕሉ ላይ ስንገጥመው ሰርገኛው አፉን ከፍቶ ይጨፍራል፣ ከበሮው ይመታል፣ የሚሰማው ግን ያ የታፈነ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ደርቤ አይቶ ሲያበቃ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እንዲህ ነበር የፈለግኩት፣ አላወቅኩትም እንጂ» አለ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጋሽ ንጉሤ ሕማማቱን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውሉት። በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ጫልቱ ናቸው። ከስግደት እንደመጡ ጉልበታቸው ላይ አፈር አለ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ታደለ፣ አጥፋልኝ» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«ድምፄን። ልጄ ገመቹ ጦር ሜዳ ነው። ደብዳቤው ከቀረ ሦስት ወር አለፈው። ይሄን ሁዳዴ ዘፈን የሚባል ከደረቴ እንዳይወጣ ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ነበር። አንተ እንጉርጉሮ ነው አልከኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሌሊቱን ሙሉ ልጄን እኔ ያስቀረሁት ይመስለኛል። እባክህ፣ እዚህ ቤት እኮ ባለቤቱ ፊት ይጠፋል አሉኝ።»

ማጥፋት ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ አይፈጅም። ግን ያለ መስመር ሦስት ፊልሙ ምንም የለውም። ደርቤ ይጎዳል አልኩ፤ አዳራሹ ተይዟል አልኩ። ሁሉም ሰበብ ነው፤ እውነቱ ሳስቼ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም፤ ከእጄ እንዲወጣ አልፈለግኩም። እና ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ቴፑን ከመጀመሪያው አስነሥቼ፣ ምኑንም ሳልነካ፣ እስከ መጨረሻው አስኬድኩት። መለስኩት። ከዚያ የመስመር ሦስትን ቁልፍ ብቻ ወደ ታች ሳብኩና ከፈትኩላቸው። አምስቱ ሴቶች ያንጎራጉራሉ፤ የእሳቸው ቦታ ባዶ ነው።

«ሰሙ?» አልኳቸው፣ ልክ እንደ ጋሽ ንጉሤ።

«የለሁም» አሉ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው እያለቀሱ ወጡ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» አልኩ።

ደርቤና እኔ ፊልሙን በበዓሉ ዋዜማ ጨረስነው። በፋሲካ ማግስት ጋሽ ንጉሤ ገቡ፣ ጫማቸውን አላወለቁም። እትዬ ጫልቱን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አግኝተዋቸዋል፤ «ያ ልጅ አጠፋልኝ፣ ባዶውን አሰማኝ፣ ተባረኩ» ብለዋቸዋል። ጋሽ ንጉሤ ቴፑን አስነሡና መስመር ሦስትን ብቻ ከፈቱ። እስከ መጨረሻው ሰሙት። አልጮኹም፤ ምነው በጮኹብኝ! እርሳሳቸውን አወጡና ካርቶኑ ላይ «መስመር ሦስት፦ የድምፁ ባለቤት ‹ጠፍቷል› ተብላለች» ብለው ጻፉ።

«ወይ ታጠፋዋለህ፣ ወይ ሄደህ ትነግራታለህ» አሉ። «እኔ አልነካልህም። ውሸቱ ያንተ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ቅዳሜ ልሄድ ወሰንኩ።

ዓርብ ዕለት ገመቹ መጣ። ቆስሎ የሆነ ቦታ ተኝቶ ኖሮ፣ ደብዳቤውም መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አንድ ክንዱን ታስሮ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ አሉ። ቅዳሜ እኔ ከመሄዴ በፊት እትዬ ጫልቱ ራሳቸው ሲግናል መጡ፣ ከነልጃቸው። «ይኸው! ያጠፋህልኝ ዕለት ነው የተሰማልኝ!» አሉ። ምን እንድል ትፈልጋላችሁ? ልጇን በእጇ ለያዘች እናት ምን ይባላል? ሳልነግራቸው ቀረሁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ጋሽ ንጉሤ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ያንን ነገር እስኪሞቱ አላነሡትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አጥፉልኝ» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር፣ ታመውም ቢሆን፣ ከቤታቸው ተነሥተው ራሳቸው ይመጡ ነበር። እኔን ከባለቤት ጋር ብቻዬን ትተውኝ አያውቁም። ይሄ እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ያውቀዋል።

እትዬ ጫልቱ ደግሞ በየዓመቱ፣ ገመቹ የተመለሰበት ሰሞን፣ አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር ቆልተው ያመጡልኛል። ለምስጋና! እዚያው ፊታቸው አንድ እፍኝ ካልቆረጠምኩ አይሄዱም። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቆሎ እንደዚያ ሲያንቅ አይቼ አላውቅም።

ፊልሙ ወደቀ። ሰው «ሰርግ ያለ ከበሮ? ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» እያለ ከአዳራሹ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት አነሡት። እኔም በልቤ «ደህና፣ ማንም አልሰማውም፣ እትዬ ጫልቱም አይሰሙም» ብዬ ተጽናናሁ። ደርቤ ወደ አኮርዲዮኑ ተመለሰ፤ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈ። ነፍሱን ይማረው፣ የሆነውን ሁሉ ሳያይ።

የሆነው ይሄ ነው። አንድ ቀን ልያ የምትባል ወጣት ቤቴ መጣች፤ ጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ፣ ፀጉሯ ወደ ላይ። «ጋሼ ታደለ እርስዎ ነዎት? የ‹ዳገት ወጪዋ›ን ሳውንድ የሠሩት? ኦ ማይ ጋድ!» ብላ አቀፈችኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን። ለካ ፊልሙ ከቪዲዮ ቤት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሄድ ኖሮ ወጣቱ የሚያመልከው ሆኗል። «ካልት ፊልም ነው ጋሼ፣ ሊትራሊ!» አለችኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በእንጦጦ መንገድ ዳር ካለ ግቢ ወሰደችኝ። ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥረው ፊልሙን ያሳያሉ። ግቢው በወጣት ጢም ብሏል። ሙሽራዋ ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ ዜማው ጀመረ፤ ያ ሁሉ ወጣት አፉን ገጥሞ አብሮ አንጎራጎረ። የአግዳሚውን ጩኸት እንኳ ያውቁታል፣ እሱ ጋ ሲደርስ ሁሉም በአንድነት «እእእ» ይላሉ! እኔ በሁለት እጄ ፊቴን ሸፈንኩ።

«የተዘጋው አፍ ዝም የተባለው ትውልድ ምልክት ነው አይደል ጋሼ?» አለችኝ ልያ ሲያልቅ።

«ሁዳዴ ነበር ልጄ» አልኳት።

ሳቀች፣ የቀለድኩ መስሏት። ሙዚቃውን በሸክላ ልታሳትመው ትፈልጋለች፤ ዋናውን ቴፕ ትፈልጋለች፤ የአንጎራጓሪዎቹን ስም ሽፋኑ ላይ መጻፍ ትፈልጋለች። ቴፑ ጡረታ ስወጣ ይዤው የመጣሁት ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ካርቶኑን አገላብጣ የጋሽ ንጉሤን እርሳስ አነበበች። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

ለማንም ያልነገርኩትን ለዚህች ልጅ ነገርኳት። «አይዞዎት፣ ቆየ እኮ» ትለኛለች ብዬ ነበር። ካርቶኑን መለሰችልኝ።

«እንደዚያ ከሆነ አይወጣም» አለች። «እሳቸው እሺ ካላሉ አላወጣውም። እርስዎ መንገር አለብዎት ጋሼ።»

እኔ ላስተምራት የሚገባኝ ልጅ እኔን አስተማረችኝ።

በግንቦት ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። እትዬ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሰባውን አልፈዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዘንድሮ ቆሎውን በልጃቸው ነበር የላኩልኝ። ገመቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕረፍት ላይ ነበርና አጠገባቸው ተቀምጧል። ሚስቱ አበራሽ ግቢው ጥግ ላይ ልብስ ታጥባለች። ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የባለቤቴ ወገብ፣ ሁሉም ተጠያየቀና አለቀ። ከዚህ በላይ ብቆይ እንደማልናገር አወቅኩ።

«እትዬ፣ ያኔ ጠፍቷል ያልኩዎት አልጠፋም።»

«ምኑ?»

«ድምፅዎ።»

«ባዶውን አሰምተኸኝ የለ?»

«የእርስዎን ብቻ ደብቄ ነው ያሰማሁዎት። ዋሽቼዎት ነው። ፊልሙም ከነድምፅዎ ነው የወጣው።»

ገመቹ ከተቀመጠበት ተነሣ። እናቱ በእጃቸው መለሱት። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቆይ። ይሄ ልጅ በዚህ በር ሲገባ፣ ድምፄ እዚያ ነበር?»

«ነበር እትዬ።»

«አንዲት ሳትጎድል?»

«አንዲት ሳትጎድል።»

እርግማን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እንዲሁ ነው እንዴ የሰጠኝ!» አሉ። «ሳልከፍል! ገመቹ፣ ሰማህ? እንዲሁ ነው የሰጠኝ!»

«እትዬ፣ አጥፋ ካሉኝ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» አልኩ፣ እንባዬ እየቀደመኝ። «አሁን በእውነት፣ እርስዎ ፊት።»

«ተወው። እሱ ሲመጣ እዚያ ነበር አይደል? እዚያው ይቀመጥ። ልጆቹም ይስሙት፣ ስሜንም ይጻፉት።» ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ታዲያ እኔ ሰርጉ ላይ ለምንድን ነው ዝም ያልኩት?»

«የማን ሰርግ?» አለ ገመቹ።

«ያንተ። ድምፄ ስለጠፋ ነው የመለሰልኝ ብዬ፣ ዳግመኛ የሰርግ ዜማ ከደረቴ ቢወጣ መልሶ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። የልጄን ሰርግ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ።» ወደ እኔ ዞሩና ደረቴን በመዳፋቸው መቱኝ፤ የአሮጊት እጅ ነው፣ ግን አመመኝ። «አንተ ነህ ይሄን ያደረግክብኝ!»

እኔም ለዚያ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። አፍሬ አልሄድኩም።

ከጥግ ሳፋው ሲወድቅ ተሰማ። አበራሽ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ ቆማለች።

«እኔን ስላልወደዱኝ አልነበረም እንዴ?» አለች።

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አማቴ አልፈለገችኝም እያልኩ... እናቴም እኮ ይህንኑ ይዛ ነው የሞተችው። ‹የልጁ እናት አልዘፈነችልሽም› እያለች።»

«አንቺን?» አሉ እትዬ ጫልቱ። «ልጄ፣ አንቺን ልጠላ?» ዱላቸውን ሳይዙ ተነሡ። እየዳበሱ ሄደው ያን የረጠበ እጇን ያዙትና ወደ ወንበራቸው ጎትተው አስቀመጧት። እሳቸው ፊቷ ቆሙ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ያ መስመር ሦስት ላይ ያለው ድምፅ አይደለም። ሻክሯል፣ ከላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሹ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ዜማው ግን እሱ ነው፣ ከነቃሉ፣ ስሟን እየጠሩ። አበራሽ ገና ከመጀመሪያው ቃል እንደ ሕፃን አለቀሰች። አውራጅ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ገመቹ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን አዙሯል፣ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር የለም። እትዬ ጫልቱ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሰው ቆሙና ወደ እኔ አፈጠጡ።

«አንተ ምን ይገትርሃል? ተቀበል እንጂ!»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከመስታወቱ ወዲህ ነበርኩ፤ ዘፍኜ አላውቅም፣ ባለቤቴም ትመሰክራለች። አጨበጨብኩና ተቀበልኩ።